የእትዬ ዘርፌ ዳማከሴ

በእጅ የታሸ ዳማከሴ በሸተተኝ ቁጥር አክስቴን እትዬ ዘርፌን ከነጥርጣሬዬ አስታውሳቸዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ክረምቱን እማዬ ደሴ ሆስፒታል የደም ካንሰር መድኃኒት ስትወስድ ከርማ ላሊበላ ስንመለስ፣ የደሴዋ ነርስ «ሰውነታቸው ጀርም መከላከል አቅቶታል፣ ትኩሳት ካያችሁ አንድ ሌሊት እንኳ ቤት እንዳታሳድሯቸው» ብላ ቴርሞሜትር ሰጠችን። አባዬን ቅዳሴና ማኅሌት ስለማይለቀው ቴርሞሜትሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

በመስከረም የአባዬ እህት እትዬ ዘርፌ ሊያስታምሟት ከኩልመስክ መጡ፤ ገና ከበር ሳይገቡ ጀርም ያመጡባታል ብዬ ጠረጠርኳቸው። ሳላቸውን እቆጥር፣ ለእማዬ የሚያቀርቡላትን ሁሉ ቀድሜ እቀምስ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ከላዬ አንሺልኝ እስቲ!» ይሉኝ ነበር።

የገና በዓል ሲደርስ ተሳላሚው ከነአቧራው መጣ። በእኛ አገር እግሩን ሳያጥቡ እንግዳ ማሳደር ነውር ነው። እትዬ ዘርፌ ግን በሩ ላይ ቆመው «በሽተኛ አለብን፣ ይቅር በሉን» እያሉ እንግዶቹን ሲመልሱ፣ ይህንንም በክፋት ቆጠርኩባቸው። እሳቸው ወፍጮ ቤት ሲሄዱ እማዬ ከኮን ድረስ በእግራቸው የመጡ አሮጊት አስገብታ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች፣ እኔም ውኃ አፈሰስኩላት። የአሮጊቷ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ መግል ይዟል፤ የእማዬም ጣት ቢላዋ ቆርጦት ገና አልዳነም። ሁለቱንም አይቻለሁ። «እንዳትናገሪ፣ ዓመቱን ሙሉ የናፈቀኝ ይሄ ነው» አለችኝ፤ ደስ ብሏት ስለነበር እኔም ደስ አለኝ።

ከእጥበቱ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ አለ። እትዬ ዘርፌ «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው የመታት» ብለው ዳማከሴውን አሽተው ቀቧት፣ ጭማቂውንም አጠጧት። እኔ ነርሷ ያለችውን እያነሳሁ ባለቅስም አባዬ እህቱን ስላመነ እማዬ ቤት አደረች። ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ ስሟን ብንጠራት አትመልስም ነበር። ሐኪሙ ጀርሙ ደሟ ውስጥ እንደተሰራጨ ነግሮን «በየት ገባ? ቁስል ነበረባቸው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ጣቴን ወደ እትዬ ዘርፌ ቀስሬ «ቅጠል አጠጥተዋታል» አልኩ።

እማዬ ከጥምቀት በፊት ሞተች። አባዬም እህቱን ደጁን እንዳትረግጥ ከለከላት።

ያኔ ሁሉንም ሰው እጠረጥር ነበር፣ ከራሴ በቀር። ዛሬ እትዬ ዘርፌ አርጅተዋል፤ ኩልመስክ ሄጄ ስጠይቃቸው እጄን ይዘው «ልጄ፣ ያ ቅጠል ይሆን የገደላት?» ይሉኛል። ስለ እጥበቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ «እኔ እንጃ፣ እትዬ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ደጃቸው ላይ የነበረውን ዳማከሴ ከነሥሩ ነቅለው ጥለውታል።