በሞቴ የማይባልበት አገር

ዴንሃግ ካለነው ሐበሾች መካከል የትነበርሽን የማያውቃት የለም። ስትስቅ ትራም ሙሉ ሰው ዞሮ ያያታል። የደሴ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እናቷ ደግሞ በሥርዓት ነገር የማይቀልዱ ሴት። ሰው ቤት ሄዳ ዳቦ ሲዘረጋላት ቶሎ እጇን የሰደደች እንደሆነ እናትየዋ በዓይናቸው ይቆነጥጧት ነበር። «አሳዳጊ ያለው ልጅ በመጀመሪያው እሺ አይልም» ይሏታል። አንዴ እምቢ፣ ሁለቴም እምቢ፤ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ሲባል ብቻ ነው የሚነሣው። ይህን ትምህርቷን ይዛ ሱዳን ገባች፤ ይህንኑ ይዛ ሆላንድ መጣች። ድንበር ጠባቂዎቹ ሻንጣዋን ከሚበረብሩ ይህቺን ጠባይ ቢያስቀሩባት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ሆላንድ ከገባች አምስት ዓመቷ ነው። ባሏ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞቶባታል። ጥሩአየሁ የምትባል አንዲት ልጇ ካርቱም፣ አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። መንገዱ የተገኘው ለአንድ ሰው ብቻ ስለነበር «አንቺ ቅደሚ፣ ኋላ ትወስጃታለሽ» ተብላ ነው የወጣችው። ማለቱ ቀላል ነው። የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ የሚያየው ፖሊስ ዘንድ ልጇን ለማምጣት ባመለከተች ቁጥር የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ ቋሚ የሥራ ውል አምጪ። የምትሠራው ራይስዋይክ ባለ አንድ የአረጋውያን ቤት ሲሆን፣ ውሏ በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው። የስድስት ወር ውል ደግሞ ለፖሊሶቹ ከወረቀት አይቆጠርም። ይህን ሁሉ የምናውቀው እኛ የአገሯ ልጆች ብቻ ነን። ሥራ ቤቷ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «የራሴን ጣጣ ሰው ላይ ለምን እጭናለሁ?» ትላለች።

በሥራዋ ማንም አያክላትም። ሜኔር ባከር፣ አቶ ባከር እንደማለት ነው፣ የሚባሉ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ አሉ፤ ከብት አርቢ የነበሩ፣ ግትር ሰው። «ውሃ ይጠጣሉ?» ሲባሉ መልሳቸው «አልጠጣም» ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች አልጠጣም ካሉ ይቅር ብለው ብርጭቆውን ይዘው ይመለሳሉ። የትነበርሽ ትቀመጣለች። «ትንሽ ብቻ» ትላለች፤ «እንዲያው አንዲት ጉንጭ» ትላለች። በመጨረሻ ደችኛው ሲያልቅባት «በሞቴ!» ትላቸዋለች። ሽማግሌውም ቃሉን ለምደውት «ቤሞቲ ካልሽማ ምን ይደረጋል» እያሉ ይጠጣሉ። የቤቱ ኃላፊ ሜቭራው ፋን ዳለን (ሜቭራው የእኛ «ወይዘሮ» ናት) ይህን በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። ቀጥ ያለች ናት እንጂ።

እኔ አበጋዝ እባላለሁ። አገር ቤት ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ፣ እዚህ ስኬቨኒንገን አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆኛለሁ። ዕረፍቴ ሐሙስ ነው። ያን ቀን የአረጋውያኑን ቤት ትንሽ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሹፌር መሪ ካልጨበጠ ይታመማል። ይህንንም ያገኘችልኝ የትነበርሽ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1985፣ በግንቦት አንድ ሐሙስ፣ አምስት አረጋውያን ጭነን ወደ ገጠር ወጣን። አብራ የምትሄደው ሠራተኛ ስለታመመች ሜቭራው ፋን ዳለን ራሷ መጣች። ጎውዳን አልፈን ወደ ወንዙ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ያዝን። በዚያ አገር መሬቱ ዝቅ፣ ውሃው ከፍ ያለ ነው። ቦዩ ከመንገዱ በላይ ሲሄድ ላሞቹ ከመንገዱ በታች ይግጣሉ። ሜኔር ባከር ላም ባዩ ቁጥር ቆባቸውን ያነሣሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ውሃ ከላይ ሆኖ ለምን አይፈስብንም?» አለችኝ የትነበርሽ ከኋላ።

«እየተግደረደረ ነው፤ ሦስተኛ ሲለምኑት ይፈሳል» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። ሜቭራው ፋን ዳለን በአማርኛ ምን እንደተባለ ባታውቅም አብራ ሳቀች።

ምሳ የበላነው አይብ የሚሠራ ገበሬ ቤት ነው። ሃምሳው ገና ስላልወጣ ጾም አልነበረም፤ በጾም እንኳ ማመካኘት አይቻልም። የገበሬው ሚስት ከቡና ጋር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ብስኩት አዞረች። እኔ ክዳኑ ተከፍቶ ሳያበቃ እጄን ሰድጃለሁ፤ ተምሬያለሁ። የትነበርሽ ተራዋ ሲደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ሴትዮዋም «እሺ» ብላ ክዳኑን ገጠመችው። የትነበርሽ ሣጥኑ መደርደሪያው ላይ እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ከምሳ በኋላ ሽማግሎቹ ጥጃ ሊያዩ ወደ በረቱ ሄዱ። የአውቶቡሱን መስታወት ስወለውል ሜቭራው ፋን ዳለን ወደ እኔ መጣች።

«ያመር» አለች። ያመር የሚሏት ቃል እንደ እኛ «ያሳዝናል» ናት፤ ዝናብ ሲጥልም ሰው ሲሞትም ትሠራለች። «ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ቋሚ ቦታ አለኝ። ለ‹የት› ልሰጣት አስቤ አሁን ጠየቅኋት።» የትነበርሽ ማለት ስለሚያቅታቸው «የት» ነው የሚሏት። «አልፈልግም አለችኝ። ሌላ የሚሻል ሰው አለ አለችኝ። ግልጽነቷን ወደድኩላት። እንግዲህ ሰኞ ለሌላዋ ሠራተኛ ለኢኔክ እነግራታለሁ።»

ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ሰኞ የሚለው ሥር «ኢኔክ» ብላ ጻፈች። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ ብል እዋሻለሁ፤ አልወደቀም። መወልወሉን ግን ረሳሁት። ያኔውኑ «ቆይ፣ ተሳስተሻል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሰው ጉዳይ ውስጥ እንዴት እገባለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ለካ እኔም ብስኩቱ ላይ ብቻ ነው የሠለጠንኩት።

ሜቭራው ፋን ዳለን ወደ በረቱ እንደሄደች የትነበርሽ እየተፍለቀለቀች መጣች።

«ጋሼ አበጋዝ! ጠየቀችኝ! ቋሚ ሥራ ልስጥሽ አለችኝ!»

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ፣ እምቢ አልኳት እንጂ! እኔ ምኑን እችለዋለሁ፣ ከእኔ የሚሻል አይጠፋም አልኳት። እንዲያው አሳምሬ ነው የመለስኩላት። አሁን መንገድ ላይ ደግማ ትጠይቀኛለች። ያኔም ትንሽ አንገራግራለሁ። እሺ የምለው በሦስተኛው ነው።»

ከዚያ የጥሩአየሁን አልጋ በየት በኩል እንደምታደርገው ትነግረኝ ጀመር። በመስኮቱ በኩል ብርድ ይገባል፤ በበሩ በኩል ይሻላል፤ መጋረጃውንም ትለውጠዋለች። ፊቷ ላይ እንዲህ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ንገራት፣ ንገራት ይለኛል ልቤ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሽማግሎቹን ጭኜ መንገድ ጀመርኩ።

ያቺን ግማሽ ሰዓት አልረሳትም። በመስታወቴ አያታለሁ። ከሜቭራው ፋን ዳለን ጎን ተቀምጣለች፤ ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን እንደቆመች ሁሉ ቀጥ ብላ። ሴትዮዋ አፏን ልትከፍት ስትል የትነበርሽ መልሱን አዘጋጅታ ዞር ትላለች።

«ተመልከች፣ ያ የንፋስ ወፍጮ አሁንም ይሠራል» ትላለች ሜቭራው ፋን ዳለን።

የትነበርሽ ራሷን ትነቀንቃለች። ደግሞ ትጠብቃለች።

«ዛሬ አየሩ ጥሩ ሆነልን።»

አሁንም ራሷን ትነቀንቃለች። ስኮንሆቨን የምትባለው የወንዝ ዳር ከተማ ስንደርስ ያ ብርሃን ከፊቷ ላይ መውረድ ጀምሮ ነበር።

እዚያ ወንዙን የምታሻግረው መኪና የምትጭን ጀልባ ናት። ተራችን ደርሶ ገባን፤ ሽማግሎቹ አየር እንዲያገኙ ብዬ የአውቶቡሱን በር ከፈትኩ። ሜቭራው ፋን ዳለን ወርዳ የጀልባዋን አጥር ተደግፋ ቆመች። የትነበርሽን ወደ ጎን ጠራኋት።

«አትጠይቅሽም» አልኳት።

«ማን?»

«እሷ። እዚህ አገር በሞቴ የለም። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው። ሰኞ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች፤ ስሟንም ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

መጀመሪያ የምቀልድባት መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ።

«መቼ ነው የነገረችዎት?»

«ከምሳ በኋላ።»

«እና እስካሁን ዝም አሉኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ልትቆጣኝ ጊዜ አልነበራትም። እጄን ያዘች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ። ሽማግሌ ይሁኑኝ። እርስዎ ቢነግሯት ነውር የለውም።»

ሄድኩ። በዕድሜዬ ሁለት ጋብቻ አስታርቄአለሁ፤ አንድ የደም ጉዳይ ላይም ተቀምጫለሁ። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመርኩ። ስለ ወንዙ ተናገርኩ፣ ስለ ሽማግሎቹ ጤና ጠየቅኩ፣ የሰው ልጅ ተሳሳች መሆኑን አነሣሁ።

«አበጋዝ፣ አውቶቡሱ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩን ማሳጠር ግድ ሆነ። «የት» ሥራውን ትፈልጋለች፤ በእኛ አገር በመጀመሪያው እሺ አይባልም፤ ደግመሽ ጠይቂያት አልኳት።

«አልፈልግም ብላኛለች። ደግሜ ብጠይቃት ቃሏን መናቅ ይሆንብኛል።»

«እሷ ሜኔር ባከርን ሦስት ጊዜ አይደለም እንዴ የምትጠይቃቸው? ሥራውን ለመስጠት ያሰብሽውስ በዚሁ አይደለም?»

ወደ አውቶቡሱ ዞራ ሜኔር ባከርን አየቻቸው። ጥሩ ቦታ እንዳገኘኋት ገባኝ። ግን ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እውነትህን ነው። ሜኔር ባከር ግን የምንጠብቃቸው ሰው ናቸው። እሷ ባልደረባዬ ናት። የምትፈልገውን ነገር ከሹፌር አፍ አልወስድም። አፍ አላት።»

ተመለስኩና ለየትነበርሽ ቃል በቃል ነገርኳት። ጀልባዋ የወንዙ ግማሽ ላይ ደርሳለች።

«በገዛ አፌ ስጡኝ ልበል? እንደ ለማኝ?»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ የትነበርሽ።»

«እናቴ ብታየኝ...»

«እናትሽ ልጃቸውን ካርቱም ትተው አያውቁም» አልኳት። ክፉ ቃል ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ አዘንኩ፤ ግን አልመለስኩትም።

አየችኝ። ከዚያ ዞራ ሄደች። እኔ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ሜቭራው ፋን ዳለን ፊት ስትቆም የተማረችው ደችኛ ሁሉ የጠፋባት ይመስለኛል፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው የቀራት።

«ኢክ ዊል» አለች። እፈልጋለሁ ማለት ነው። ይህን ቃል ስለ ራሷ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም።

«ምኑን ነው የምትፈልጊው፣ የት?»

«ሥራውን።»

«ቅድም አልፈልግም አላልሽኝም?»

«ቅድምም እፈልግ ነበር። እፈልጋለሁ። ልጄን ማምጣት እፈልጋለሁ።»

ሜቭራው ፋን ዳለን እጇን ከአጥሩ ላይ አነሣች። «ልጅ? ልጅ አለሽ?»

«ሱዳን ናት። ቋሚ ሥራ ከሌለኝ ላምጣት አይፈቅዱልኝም።»

«ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዓይኗ ቀላ። ደብተሯን አወጣች፤ «ኢኔክ» የሚለውን ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ሰረዘችው። «ለኢኔክ ገና አልነገርኳትም። ቦታው ያንቺ ነው። ለፖሊሱ ደብዳቤውን እኔ ራሴ እጽፋለሁ። ስሟ ማነው?»

«ጥሩአየሁ።»

ሦስት ጊዜ አስደግማ ጻፈችው። ጀልባዋ ዳር ደርሳ ስትቆም ትንሽ ተንገጫገጭን።

«ዕድሜዋስ?»

«አራት» አለች የትነበርሽ ወዲያው።

ሜቭራው ፋን ዳለን ጻፈች። የትነበርሽ የተጻፈውን ቁጥር ቁልቁል አየችው። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ሞተራቸውን አስነሥተዋል፤ እኔም መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም።

«አይደለም» አለች በመጨረሻ። «አራት ትቻት ስወጣ ነው። አሁን ዘጠኝ ሆኗታል።»

ሜቭራው ፋን ዳለን አራቱን ሰረዘችና ዘጠኝ ብላ ጻፈች።