የግራ ጎን ደንበኞች

ጋሽ ቶሎን «ቶሎ» ያሰኛቸው እጃቸው ነው። አንድ ራስ በአሥራ ሁለት ደቂቃ። ቀኝ፣ ኋላ፣ ግራ፣ ጢም፣ በቃ። በአርባ አንድ ዓመት የጸጉር ቤት ሥራ ይህ ቅደም ተከተል ተዛንፎ አያውቅም። ደንበኛን «እንዴት ልቁረጥህ?» ብለው ጠይቀውም አያውቁም። የሁሉንም ራስ ያውቁታል።

ስልሳ ዘጠኝ ሲሞላቸው አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ሃያ ሆነ፤ ቀጥሎ ሠላሳ። እግራቸውም ከመሬት መነሳት ሰነፈ። ወንበሩን በትንንሽ እርምጃ፣ ጫማቸውን እየጎተቱ ይዞሩታል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማዶ መጣ። ማዶ ከመንገዱ ባሻገር ጸጉር ቤት ያለው ጎልማሳ ነው። ስሙን ላለመጥራት ጋሽ ቶሎ ያወጡለት ስም ነው፤ ሰፈሩም ወሰደው። ቤቱን ከከፈተ በስድስት ዓመት ውስጥ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

«ምን ጠፋብህ?» አሉት።

«ኧረ አልጠፋብኝም፣ በዛብኝ እንጂ። ጋሽ ቶሎ፣ አይቆጡኝና ደንበኞችዎ እኔ ጋ እየመጡ ነው።»

«ሰው ደስ ያለው ቦታ ይቆረጣል።»

«ሙሉውን ቢያመጡትማ ምን ቸገረኝ። የሚያመጡት ግራ ጎናቸውን ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ቶሎ ቀኙን ይጨርሳሉ፣ ኋላውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ቀኙን ይነካኩና ጨርቁን ያራግፋሉ። ደንበኛው በመስታወቱ ያያል። ይሉኝታ ይይዘዋል። «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ይወጣና ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ መንገዱን ይሻገራል። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው። አንዱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊት ፍርድ ሲያነብ ኖሮ፣ ለግማሽ ጸጉሩ አፍ አጣ።

ጋሽ ቶሎ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «አንተ ምን አስጨነቀህ? እንጀራህ አይደል እንዴ?»

«ዳኛው የቀኙን አስመስለህ ቁረጠው አሉኝ። አቃተኝ» አለ ማዶ።

የጋሽ ቶሎ ልጅ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ወሬው ሲደርሳት ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች። ወጣቷ ሐኪም የአንጎላቸውን ምስል በኮምፒውተር ከፈተች። ግራጫው መሃል ነጫጭ ነጠብጣብ ተበትኗል።

«አንጎልን የሚመግቡ ከጸጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ» አለች። «ዕድሜና የደም ግፊት ግድግዳቸውን ያወፍሩታል። ደም በደንብ ያልደረሰው ቦታ እንዲህ ይነጣል። የሰው ፊት አልጠፋዎትም፤ የተጎዳው ፍጥነትዎ፣ እርምጃዎና የሥራ ቅደም ተከተልዎ ነው።»

ጋሽ ቶሎ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረቡ። «ሽበት ነው በይኛ።»

«ይሁን፣ ሽበት ነው።»

«ቀለም አይገኝለትም?»

ሐኪሟ ሳቀች። ልጃቸው አልሳቀችም።

«የነጣውን አንመልሰውም። ዝም ካልነው ግን ወደ መርሳት በሽታ ሊወስድ ይችላል። ግፊቱን መያዝ፣ በእግር መሄድ፣ ጨው መቀነስ መስፋፋቱን ሊያዘገየው ይችላል። የግፊት ኪኒንዎን ይወስዳሉ?»

«ሲያመኝ።»

«ግፊት መቼ ያማል፣ አባዬ?» አለች ልጃቸው።

በገዛ እጇ ያመጣችላቸው የስምንት ወር ኪኒን ከጸጉር ቤቱ መሳቢያ ወጣ፤ ከአሮጌ ምላጭ ጋር፣ ማሸጊያው ሳይነካ።

«ቤቱ ይዘጋል» አለች። «ምላጭ ይዘህ ሰው ጉሮሮ ላይ አትቆምም።»

«ምላጩን ውሰጂ። መቀሱን ተይልኝ።»

«ግማሽ ሰው ለማዶ እየላክህ?»

«እሺ፣ ፈትኚኝ። አንድ ራስ። ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ ቁልፉን እንቺ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሞልቶ የሚቆረጥ ጠፋ። በመጨረሻ ማዶ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጋሽ ቶሎ ዘዴያቸውን ይዘው ነበር የመጡት። በማዶ አንገት ባሰሩት ጨርቅ ላይ ሦስት የልብስ መቆንጠጫ ሰኩ፤ ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ ግራ ትከሻው ላይ። አንዱ ጎን ሲያልቅ የዚያን ጎን መቆንጠጫ ነቅለው ወደ ራሳቸው ኮሌታ ያዛውራሉ።

ቀኙ አለቀ። ኋላው አለቀ። ከዚያ እጃቸው ወደ ቀኙ ተመለሰ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወለሉን አዩ። ዳኛው ሳል ጀመረው። ልጃቸው ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ጋሽ ቶሎ የማዶን ቀኝ ትከሻ ዳሰሱ። መቆንጠጫ የለም። ኮሌታቸውን ዳሰሱ። ሁለት።

«ሞኝህን ፈልግ» አሉት እጃቸውን፤ ወደ ግራው ዞሩ።

ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀ። ልጃቸው በማበጠሪያ ግራና ቀኙን ለካች። ደገመች። የማዶን አንገት አዙራ ለሦስተኛ ጊዜ አየች። ከዚያ ምላጮቹን በሙሉ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን መስታወቱ ሥር አስቀመጠች።

«ኪኒኑ ሳይዋጥ መቀሱ አይነሳም» አለች። «ጢምስ?»

«ጢም ማዶ ነው» አሉ ጋሽ ቶሎ። «በግልጽ ይሻገሩ፤ ኮፍያ አያስፈልግም።»

ማዶ አሁንም መስታወቱን እያየ ነው። ግራውን በጣቱ ዳሰሰ። «ይቺን እንዴት እንዳወጧት ያሳዩኝ።»

«ስድስት ዓመት ደጄን ሳትረግጥ? ተነስ፣ ሰው ይጠብቃል።»

ዳኛው ከአግዳሚው ተነስቶ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ጨርቁም ታሰረለት። «እኔን እንኳ ከግራ ጀምርልኝ» አለ። «ቀኙ ቀርቶብኝ አያውቅም።»

ጋሽ ቶሎ ሦስቱን መቆንጠጫ ሰኩና ከቀኝ ጀመሩ።