የኬብሉ ሰውዬ

ቡሬ ላይ መታሰቢያ በጸሐፊነት የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የሚጠሩት አንድ ሰውዬ ናቸው። ስማቸውን የጠየቀ የለም፤ የኬብሉ ሰውዬ ይባላሉ። በጋ ከክረምት ከማያወልቁት ካፖርት ኪስ ፒንሳቸውን አውጥተው የኬብሉን ሽፋን ይልጡና ስምንቱን ባለቀለም ሽቦዎች ይዘረጋሉ።

“ሁለት ሁለት ሆኖ የተገመደው እንደ በሬ ጥማድ ነው” ይሏታል ሁልጊዜ። “ቀለሙ በየተራው ካልተሰለፈ ግን አያርስም።”

ዛሬ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር ሳቡ። አንዱን ሽቦ ወደ ብርሃኑ አነሱት፤ መልሰው አወረዱት።

“እስቲ እታለም፣ ይሄ ምን ቀለም ይመስልሻል?” አሏት እየሳቁ።

“አረንጓዴ ነዋ ጋሼ።”

“እኮ! እኔስ ምን አልኩ።” ሽቦውን ቀስ ብለው ከቡናማው ቦታ አውጥተው ወደ አረንጓዴው መለሱት። “ይሄኛውስ?”

መታሰቢያ ጨዋታ መስሏት ነበር። ጎንበስ ብለው ሱሪያቸው ከፍ ሲል ግን ካልሲያቸውን አየች፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ይህን የሚነግራቸው ሰው የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሳትጠየቅ እየቀደመች የእያንዳንዱን ቀለም ነገረቻቸው።

ኔትወርኩ መጣ። ሰውዬው ፒንሳቸውን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ቆም አሉ።

“መቼም ሌላ ቀን ብመጣ አንቺው ነሽ እምትኖሪ?”

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የመታሰቢያ ሥራ ፍኖተ ሰላም ነው። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

“አለሁ ጋሼ” አለቻቸው።