ድምፅ የሌላት መኪና

የባሏ የደም ካሳ የተከፈለ ዕለት ሰዓዳ ለሽማግሌዎቹ ሻይ ቀድታ አቀረበች። ከመካከላቸው ስኳር የተከለከሉ አንድ አዛውንት ስለነበሩ ለእሳቸው ለብቻቸው አፈላችላቸው። ዱዓ ሲያደርጉላት «አሚን» አለች። ሲወጡ እስከ በር ሸኘቻቸውና ተመልሳ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች። ጎረቤቷ ሸዋርካብሽ አጠገቧ ቆማ፣ «ሰዓዳዬ፣ ዛሬ እንኳ አልቅሽ እንጂ፤ ይውጣልሽ» ብትላት፣ ሰዓዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ለእራት ምን ልሥራ?» አለቻት።

ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ናት። ኸሊፋ አግብቶ ሀርጌሳ ሲያመጣት ሶማልኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ኮድቡር ሰፈር በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ቋንቋውን ከደንበኞቿ አፍ ለቀመችው። ኸሊፋ ደግሞ በራሱ የናፍጣ መኪና ከሀርጌሳ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ከመንገድ ወጣ ብሎ ጎማ ሊቀይር ጎንበስ ባለበት፣ ፍሬን እንቢ ያለው የውሃ ቦቴ እሱንም መኪናውንም ጠርጎ ወሰዳቸው።

ሰው ሁሉ ሰብሯን፣ ቻይነቷን አደነቀላት። «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!» ይሏታል። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ ትዕግሥት አልነበረም። ለመታገሥ መጀመሪያ የሚታገሡት ሐዘን ያስፈልጋል፤ እሷ ዘንድ ሐዘኑ ራሱ አልደረሰም። ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን የሐዘን ወራት፣ ዒዳዋን ጨረሰች፣ ነጩን ልብስ አወለቀች፣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እጇ ይሠራል፤ ውስጧ ግን መብራት እንደጠፋበት ቤት ነው።

የኸሊፋ ታናሽ ወንድም ሪያድ የሰው መኪና በቀን ሒሳብ የሚነዳ ሾፌር ነው። ካሳው በገባ ሳምንት መጥቶ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ገንዘብ ከተቀመጠ ያልቃል። መኪና እንግዛበት። እኔ እነዳለሁ፣ ልጅሽን ሀሲናን እናሳድጋለን።»

«ግዛ» አለችው ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ምን ዓይነት ይሁን?»

«ጎማ ያለው።»

ሪያድ ሊስቅ ፈለገና ፊቷን ሲያይ ተወው። ስምሽ ያለበት ንብረት ነውና ዓይተሽ ካልመረጥሽ አልገዛም ብሎ ድርቅ ስላለ፣ በማግስቱ ሸዋርካብሽን አስከትላ አብራው ሄደች።

መኪና መሸጫው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በኩል ነው። ባለቤቱ ዒዲል በልጅነቱ በስደት ጅጅጋ ያደገ ሰውዬ ስለሆነ አማርኛ ይችላል፤ ብቻ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ከዱባይ ተጭነው በበርበራ ወደብ የገቡ ሁለት ፕራዶዎች ጎን ለጎን አቁሟል፤ መሪያቸው በቀኝ ነው። ነጯ ናፍጣ፣ ግራጫዋ ቤንዚን።

«እህቴ፣ ስማ» አላት ዒዲል። «ናፍጣ ግመል ነው። ይጮሃል፣ ቀስ ይላል፤ ግን ትንሽ ጠጥቶ ሩቅ ይሄዳል። አሸዋ አይፈራም፣ ጭነት አይፈራም። የታመመ ቀን ግን ሐኪሙ ውድ ነው፤ ፓምፑ አለ፣ ቱርቦው አለ። ቤንዚን ደግሞ ፈረስ ነው። ይሮጣል፣ ዝም ይላል፣ መካኒኩም የትም ይገኛል። ግን ሲጠጣ! ወላሂ፣ ሲጠጣ!»

ሪያድ ስለ ቤንዚኗ መስማት አልፈለገም። የነጯን ኮፈን ከፍቶ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው አነሳው። ትኩስ ነበር።

«አሙቀህ ጠበቅከኝ አይደል? የሞቀ ናፍጣ ማንም ያስነሳዋል። ነገ ጠዋት በብርዱ እኔ ራሴ አስነስቼ፣ ነድቼ ካላየሁ አልገዛም።»

ዒዲል ሳቀና «ሀቅ ነው» አለ።

በዚህ መሐል ሰዓዳ ግራጫዋ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ዒዲል መጥቶ ቁልፉን አዞረላት። ቆየት ብላ «አልነሳችም እንዴ?» አለችው። ተነሥታ ነበር። ሸዋርካብሽ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ «ምነው፣ የሬሳ ዝምታ ነው እኮ ያላት!» ካለች በኋላ ምላሷን ነከሰች። ሰዓዳ ግን ቅር አላላትም። ወርዳ በሩን ዘጋችውና ምርጫውን ለሪያድ ተወችለት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ የሀሲናን ፀጉር እያጠበች ነው። ሀሲና ትምህርት ቤት ከገባች ገና ቅርቧ ነው። ሰዓዳ አንገቷን ወደ ሳፋው ዝቅ አድርጋ ሳሙናውን ስታሻሽላት፣ ከቅያሱ ጥግ ያ ጉርምርምታ መጣ። የናፍጣ ድምፅ። በቀስታ ይጠጋል፤ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ያጉረመርማል።

ሀሲና ከእናቷ እጅ አመለጠች።

«አባ መጣ! እማ፣ አባ መጣ!»

አረፋ ጭንቅላቷ ላይ እንደተቆለለ፣ በባዶ እግሯ በሩን ከፍታ ወጣች። ሰዓዳ እርጥብ እጇን አንጠልጥላ ተከተለቻት። ነጯ መኪና በር ላይ ቆማለች። ሪያድ ፈገግ እንዳለ ወረደ። ልጅቷ አየችው፤ ከዚያ በእሱ ጎን አሾልካ ባዶውን ወንበር አየች፤ ከዚያ የኋላውን ወንበር። ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ዓይኗን ማሸት ጀመረች።

«ሳሙና ገባብኝ» አለች።

ሰዓዳ አቅፋ አስገባቻትና ፀጉሯን አለቀለቀችላት። ስትመለስ ሪያድ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ እዚያው ቆሟል። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ይቺን መልሳት» አለችው።

«እታለም፣ በአንድ ጊዜ ነው የተነሳችው፤ ጭስ የላት፣ ምን የላት...»

«መልሳትና ግራጫዋን አምጣ።»

«ያቺ እኮ ቤንዚን ናት! ውጫሌ ደርሳ እስክትመለስ የሠራነውን ሁሉ ትጠጣዋለች።»

«ትጠጣ።»

«ኸሊፋ ቢኖር ቤንዚን ይገዛ ነበር?»

«ኸሊፋ የለም» አለች ሰዓዳ። ዳቦ አልቋል እንደሚባለው አድርጋ ነው ያለችው። ሪያድ ተመልሶ ገብቶ መኪናዋን አዞረ።

ግራጫዋ ተገዛች። ሪያድ እንደተናገረውም ሆነ። በውጫሌ መንገድ ሌሎቹ ሾፌሮች አንዴ ቀድተው ደርሰው ሲመለሱ፣ እሱ መሐል መንገድ ላይ ከማደያ ማደያ ይንከራተታል። ማታ ማታ እየመጣ «ፈረስሽ በላኝ» ይላል። እሷ ምግብ ታቀርብለታለች። ስሕተት ሠርቻለሁ ብላ አልተጸጸተችም፤ ትክክል ነበርኩ ብላም አልተከራከረችም።

ክረምት ሲገባ ዒዲል ስልክ ደወለ። ውጭ አገር የሚኖሩት በዕረፍት ቤተሰብ ጥየቃ መምጣት ጀምረዋል፤ ልጆች የያዙ ናቸው፣ ጩኸት የሌላት፣ የምታቀዘቅዝ መኪና ይፈልጋሉ፤ ነዳጁን ደግሞ የሚቀዳው ተከራዩ ነው። ሪያድ ሸሚዙን ተኩሶ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ በር ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማጉረምረሙ ቆመ፤ ቤቱም ቀና።

አንድ ከሰዓት ሰዓዳ ስፌቷ ላይ ሳለች ሀሲና መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እማ፣ ያቺ የአባ ድምፅ ያላት መኪና የት ሄደች?»

«ለባለቤቷ ተመለሰች።»

«ለምን?»

«አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ።»

«እኔ እኮ አልደነገጥኩም» አለች ሀሲና። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

የሰዓዳ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ይኼ የሚያም ነገር መሆኑን አወቀች፤ ሌላ ሰው ደረሰብኝ ብሎ ቢነግራት ኖሮ ለዚያ ሰው ታዝንለት ነበር። ሐዘኑን ጠበቀች። ምንም አልመጣም። እግሯን መልሳ ረገጠችና ሰፋች። እጅጌውን ገልብጣ እንደሰፋችው ያወቀችው በማግስቱ፣ ደንበኛዋ ስትመልስላት ነው።

ሪያድ ግን የአየር ማረፊያው ሥራ አልጣመውም። «የሰው ሻንጣ ተሸካሚ ሆንኩ፤ ረጅም መንገድ ናፈቀኝ» እያለ ቆይቶ የሌላ ሰው ናፍጣ መኪና ለውጫሌ አገኘ። «እታለም፣ አትቀየሚኝ» ሲላት «ከመሄድህ በፊት መንዳት አስተምረኝ» አለችው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ባዶ ሜዳ አስተማራት። ከእሷ ይልቅ እሱ ፈራ። ፍርሃትም ቢሆን ስሜት ነውና እሷ ጋ አልነበረም፤ መንጃ ፈቃዷን ቶሎ አወጣች።

ሴት ሾፌር መሆኗ ሲሰማ ብቻቸውን የሚመጡ ሴቶች እሷን ይጠሩ ጀመር። ከእነዚህ አንዷ ከስዊድን የመጡ አሮጊት ነበሩ፤ እህታቸው ከተቀበረች በኋላ ነው የደረሱት። ከአየር ማረፊያው እስከ ማሕሙድ ሃይቤ ድረስ ያለ ዕረፍት አለቀሱ። መኪናዋ ዝም ስላለች ልቅሷቸው ብቻ ነው የሚሰማው። ሰዓዳ ሶፍት አቀበለቻቸው፤ ሁለት መንገድ ዞራ፣ ጨርሰው ፊታቸውን እስኪጠርጉ ጊዜ ሰጠቻቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ሻንጣቸውን አወረደችላቸው። እሳቸውም እጇን ይዘው ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም አሏት። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ ቀረበላት። ለሐዘን ቤት ብዙ ሰው የተረባረበበት ምግብ ነበር። ከኸሊፋ ሞት ወዲህ የምግብ ጣዕም የማይሰማት ሰዓዳ እንደ ወትሮው ለመዋጥ ያህል አንድ ጉርሻ አነሳች። ሁለተኛውን ስታነሳ እጇ ቆመ።

ሩዙ ጨው በዝቶበታል።

ዙሪያዋን አየች። ሌሎቹ ዝም ብለው ይበላሉ። ጎኗ የተቀመጠችውን ልጃገረድ ውሃ እንድታቀብላት ለመነቻት፤ ጠጣች፤ ሙዙን ልጣ ቆረስ አደረገችና ከሩዙ ጋር ጎረሰች።