መብራት የጠፋባት ሴት

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በቡራዩ ሰፈራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መብራት ጠፋ ማለት አከራያችን ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ እኛ በረንዳ ይመጣሉ ማለት ነበር፤ እናቴ የከሰሉን ፍም ታራግባለች፣ ፋኖሱ ይለኮሳል፣ ተረትም ይጀመራል።

ያኔ የእሳቸው ተረት በነጻ አይሰማም ነበር። በአማርኛ ሲያወሩ ቆይተው መሃል ላይ ያቆሙና በኦሮምኛ ሁለት ጥያቄ ያስከትላሉ። «ማል ጄዴ?» ካሉ፣ ምን አለ ማለታቸው ስለሆነ ቃሉን እንደወረደ እንደግማለን። «ማል ጄቹዳ?» ካሉ ግን፣ ምን ማለቱ ነው እያሉን ነውና ከቃሉ ሥር የተደበቀውን ማውጣት አለብን። አንድ ጊዜ ጅብ አህያን «ደጄ ላይ ያለው ሣር እንዴት ለምለም መሰለሽ!» ብሎ ሲጋብዛት አወሩልንና፣ ለሁለተኛው ጥያቄ ፈጠን ብዬ «ሣሩ ጥሩ ነው ማለቱ ነው» አልኩ። ከት ብለው ሳቁብኝ።

«አንቺ ሞኝ፣ ጅብ ሣር ይበላል እንዴ? ታዲያ ለማን ብሎ ነው የሚያሞግሰው?»

በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው ጥያቄ ማንም አልቀደመኝም።

ታላቅ እህቴ ትዕግሥት ልታገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት፣ የእጮኛዋ አክስት «ልጅቷ ቆንጆ ናት፤ ትንሽ ጠቆር አለች እንጂ» ማለታቸው ጆሮዋ ደረሰ። በማግስቱ ፊት የሚያቀላ ክሬም ገዝታ መጣች። እናቴ የአንዲት ጎረቤታችን ፊት በእንዲህ ያለው ክሬም መቃጠሉን እያነሳች ብትለምናት፣ ወይ ፍንክች።

ያን ምሽት መብራት ጠፋ። ትዕግሥት «እስቲ እዩት» ብላ የክሬሙን ካርቶን ለኦቦ ቶሎሳ ሰጠቻቸው። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነስታለች፤ «በፊት» በሚለው ጠቁራና አኩርፋ፣ «በኋላ» በሚለው ቀልታና ስቃ። እሳቸው አዩትና ወደ እኔ አሳለፉት።

«ማል ጄዴ?»

«ክሬሙ ያቀላል» አልኩ።

«ማል ጄቹዳ?»

አፍጥጬ አየሁት፤ ጉትቻና የተሠራ ፀጉር ያለው «በኋላ» በሚለው ላይ ብቻ ነው። «ጥቁር ሰው አይስቅም ማለቱ ነው። ጉትቻም አያደርግም፣ ፀጉሩንም አይሠራም።» ከዚያ ሌላ ነገር ታየኝና ብድግ አልኩ። «ደግሞ እኮ ይቺኛዋ መብራት ጠፍቶባት ነው!»

ፋኖሱን አንስቼ ከትዕግሥት ጀርባ ያዝኩት፤ ፊቷ ጨለመ። «በፊት!» አልኩ። ዞሬ ከፊት ለፊቷ አስጠጋሁት፤ ጠይም ፊቷ ፍም መስሎ በራ። «በኋላ!»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አመለጣት።

«ይኸው ሳቀች! ያለ ክሬም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ሠርጉ የደረሰ ይመስል እልልታዋን አቀለጠችው፤ ኦቦ ቶሎሳም በምርኩዛቸው ወለሉን እየመቱ «ጋሪ! ጋሪ!» አሉ፤ በኦሮምኛ ጎሽ ማለታቸው ነው። ትዕግሥት ክሬሙን ሳትከፍተው ጣለችው። እኔም ያን ዕለት ንግሥት ነበርኩ።

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የመንገዱን ዳር የሞሉትን ትልልቅ ማስታወቂያዎች ሳይ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ሳልጠራቸው ይመጣሉ። ከፎቶ ሁሉ የምወደው ግን በእናቴ ሳሎን የተሰቀለውን የትዕግሥትን የሠርግ ፎቶ ነው። ስትነሳ አጠገቧ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ ፊትሽን በኮምፒውተር ትንሽ ላቅላው?» አላት።

እህቴ ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝና መለሰችለት፦ «ፊቴን ተወው ወንድሜ፤ መብራትህን አስጠጋ።»