ሁለታችንም ያልቀመስነው ላዱ

ከአገሬ የወጣሁ ማታ እህቴ ዘነበች ሻዬ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር ገለበጠችበት። «በቃሽ፣ ሽሮፕ አደረግሽው እኮ!» ስላት «ዝም ብለህ ጠጣ! የምትሄድበት አገር ይጣፍጥልህ» አለችኝ። ሞጆ ላይ ሰው ሲወድህ ስኳር ያበዛልሃል። ጠጣሁት። የመኪናው ጥሩንባ እስኪሰማ ከንፈሬ እንደተጣበቀ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ ቀን ወፍጮ ቤት ጆንያ ስሸከም እየዋልኩ፣ ማታ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢሻክርባችሁ ቻሉት።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያመጣችኝ ልጄ ናት። ዋይትሆል ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር ባሏ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ይለኛል። ቃሉ አክብሮት ነው፣ ትርጉሙ ዝጋው ነው። እዚህ አገር ሲያባርሩህም በአንቱታ ነው።

ዌርሃውስ የሚሉት መጋዘን ውስጥ ስሠራ እግሬ ይደነዝዘኝ ጀመርና ክሊኒክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ምን ሆንክ አለችኝ። «አይ ሃቭ ሹገር» አልኳት። እኛ ስኳር አለብኝ አይደል የምንለው? ልጅቷ ሳቀችና «ኦ፣ ቴንክ ዩ! እኔ ቡናዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» አለችኝ። ታምሜ የመጣሁት ሰውዬ ስኳር የማድል መሰልኳት!

ከዚያ ሂሊያርድ ሰፈር ቤዝመንት የሚሉትን ምድር ቤቷን የምታከራይ አንዲት ህንዳዊት ባልቴት አገኘሁ። ካምላ ትባላለች። በር ላይ አቁማ መረመረችኝ።

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ውሻ አለህ?»

«የለኝም።»

«በቤቴ ሥጋ አይበስልም። ሥጋ ከገባ አንተ ትወጣለህ።»

«እሺ።»

«ሌላ ችግር አለ?»

ፈራ ተባ እያልኩ «አይ ሃቭ ሹገር» አልኩ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ ጥላ «ሚ ቱ! ሚ ቱ ሹገር!» ብላ ጮኸች። ለካ እነሱም አገር እንደኛው ነው የሚሉት! ቁልፉን የሰጠችኝ ያን ጊዜ ነው። የኔ እንግሊዝኛ ሰባራ፣ የሷም ሰባራ፤ ሲጋጠም ግን ይጠገናል። እኔ እትዬ ካምላ እላታለሁ። እሷ ደግሞ «ደምሴ ባይ» ትለኛለች። መጀመሪያ ቻው እያለችኝ መስሎኝ፣ በጠራችኝ ቁጥር ኮፍያዬን አድርጌ እወጣ ነበር። በኋላ ነው ባይ ማለት በቋንቋቸው ወንድም መሆኑን የነገረችኝ።

አንድ ልጅ አላት፣ ቪክራም፤ ቴክሳስ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ ኮል ያደርግና የስኳሯን ቁጥር ይጠይቃታል። አንድ ቀን እኔንም ስልኩ ላይ አስጠራኝ። «ዲዋሊ ስመጣ እራሴ ጣቷን ወግቼ አያለሁ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤቱን ሸጬ እወስዳታለሁ። አንተም ሌላ ክፍል ትፈልጋለህ» አለኝ። ሰላም እንኳ አላለኝም። እግሩ የደነዘዘ ሽማግሌ የትኛው ሶፋ ይቀበለዋል?

ዲዋሊ የመብራት በዓላቸው ነው። ላዱ ሳይኖር አይከበርም። ላዱ ማለት የሽምብራ ዱቄት በቅቤ ተቆልቶ፣ በስኳር ተለውሶ የሚድቦለቦል ጣፋጭ ነው፤ መጀመሪያ ለአምላካቸው ይቀርባል፣ ከዚያ ሰው ይበላዋል። ስኳሩን ስታይ ያስደነግጣል! ከዱቄቱ እኩል ነው። «አምላክን ባዶ ሳህን አላቀርብለትም፤ ልጄንም አላናድደውም» አለችኝ ካምላ። ስኳሩ ይቅር፣ በምትኩ ጥቂት ቴምርና ብዙ ለውዝ ይወቀጥ፣ ቅቤውም ይቀነስ፣ ድቡልቡሉም የእንቁላል ሳይሆን የአውራ ጣት ጫፍ ያህል ይሁን ተባባልን።

በዋዜማው ቆምንበት። ሽምብራውን እኔ አማሰልኩ። ሽታው ወፍጮ ቤት መለሰኝ። መሀል ላይ ቅቤዋ አለቀ፤ ጣሳው ተፋቀ። «ጊ! ጊ የለም!» ብላ ራሷን ያዘች። ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ነው። «አይ ሃቭ!» ብዬ ሮጬ ወረድኩ። ዘነበች በሰው እጅ የላከችልኝ ነበረ። ስገለብጠው ቤቱ በመዓዛው ተሞላ። ካምላ አሸተተችና «ካርዳሞም?» አለች። ኮረሪማ ማለቷ እንደሆነ አላወቅሁም፤ «የስ፣ የስ» አልኩ።

አሁን ጉዱን ስሙ። እኔ ልቀምሰው አልችልም፤ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ቅቤ ነው። እሷ ልትቀምሰው አትችልም፤ አምላኳ ሳይቀርብለት ሰው አይነካም። ሁለት ጻድቃን ድስት ላይ ተጎንብሰን አንዳችንም ጣታችንን አልላስንም!

በማግስቱ ቪክራም መጣ። መብራቱ በራ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ ላዱው ቀረበ። ቪክራም አንዷን አፉ ውስጥ ከተታትና ማኘኩን አቆመ።

«ማሚ፣ ይሄ ሥጋ ሥጋ ይላል!» ወደ እኔ ዞረ። «ምን ጨመርክበት?»

«ጊ።»

«የምን ጊ?»

«የእህቴ ጊ።»

«እህትህ ምን ከታበት ነው?»

«ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረት...»

«ኮሰረት ምንድነው? እንስሳ ነው?»

ቅጠል ነው ልል «ሊፍ! ሊፍ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ብድግ አለ። «ሊቭ? እኔ ልውጣ? ከእናቴ ቤት?»

ለካስ እኛ ለክትፎ የምናነጥረውን ቅቤ ነው ለአምላኳ ያቀረብነው! ሥጋ ከገባ አንተ ትወጣለህ ያለችው ትዝ አለኝ። ካምላ ግን አንዷን አንስታ ቀስ ብላ አኘከች፣ ሁለተኛ ደገመች። «አምላክ በልቶታል። አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችው ልጇን። በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም ከድንጋጤዬ ጋር ሳቅሁ።

ከዚያ ቪክራም ጣቷን ወጋ። ማሽኗ ጮኸች። ቁጥሩ ደህና ነው! በዓል ውላም ደህና ነው! ካምላ እጄን ጨበጠችኝ።

ቪክራምም ደስ አለው። «ግሬት» አለ። «ዶክተሩ ስኳሯ ከተስተካከለ ጉዞ ትችላለች ብሎኛል። ማሚ፣ ቴክሳስ ትሄጃለሽ። ቤቱን ለሽያጭ ሊስት አደርገዋለሁ።»

ሰማችሁ? ስኳሩ ከወጣ ይሸጣል፤ ከወረደም ይሸጣል! ሰውየው መጀመሪያውኑ ሸጦታል፤ የሚጠብቀው ምክንያት ብቻ ነበር። ካምላን አየኋት። መብራቱን ታስተካክላለች። አልደነገጠችም። ታውቅ ነበር።

የሄደች ቀን ጠዋት ደጅ ቆሜ ሸኘኋት። ሳህኗ ውስጥ ሦስት ላዱ ትታልኛለች። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ «ደምሴ... ባይ» አለችኝ። መሀሉ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። ወንድሜ አለችኝ፣ ወይስ ቻው? መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሜ ነበር።

ቅዳሜ ለዘነበች ደወልኩላት።

«ቅቤው ደረሰህ? በምን በላኸው?»

«በሽምብራ ዱቄት። አድቦልቡለን፣ ያለ ስኳር።»

«ያለ ስኳር? ምነው፣ አሜሪካ ስኳር ጠፋ?»

«ኧረ ሞልቷል።»

«ታዲያ?»

የሻይ ብርጭቆዬን ሳብ አደረግሁ። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደምሴ፣ ሻይህን አሁን በስንት ማንኪያ ነው የምትጠጣው?» አለችኝ።

ከፊቴ ያለው ብርጭቆ ቅጠልና ውሃ ብቻ ነው።

«በሰጠሽኝ ልክ ነው፣ እቴ» አልኳት።