ከአቃቂ በሰቃ ወደ ሐኪም ቤት፦ ጽዋው ከዞረ በኋላ

ጉዞ ስል ድሮ ጂንካ ወይም አክሱም ማለቴ ነበር። የዛሬው ጉዞዬ ከአቃቂ በሰቃ ተነስቶ መሀል ከተማ ካለ ሐኪም ቤት ደርሶ የሚመለስ ነው። አትናቁት፤ ለእኔ ከጂንካ ይርቃል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል ሕመም አለብኝ። የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ነርቮቼን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃቸዋል። እሱን አደብ የሚያስይዝ መድኃኒት በዓመት ሁለቴ እንደ ጉሉኮስ በደም ሥሬ ይሰጠኛል። የወጣሁትም ለዚሁ ነው፤ የቀጠሮዬ ቀን ደርሶ። መድኃኒቱ መከላከያዬን ስለሚያደክም ግን ሌላ በሽታ ይዞኝ ከሄድኩ አይሰጡኝም።

እኔ ደግሞ ይዞኛል። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛል፣ ያተኩሰኛል። የምትከታተለኝ ሐኪም እንዲህ ሲሆን ከመምጣትሽ በፊት ደውዪ ብላኝ ነበር። አልደወልኩም፤ ወራት የጠበቅኩት ተራ ለሌላ ይሰጣል ብዬ ሰጋሁ። እስክደርስ ይሻለኛል አልኩ። ሰው ራሱን ሲሸነግል ከሽማግሌ ይብሳል።

ጠዋት፣ በሰቃ

አብረውኝ የሚሄዱት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እናት የሆኑኝ ሴት። ለሆድ ፍቱን ነው ብለው ተልባ በጥብጠው በሃይላንድ ይዘዋል። የሰፈራችን ባለታክሲ ሰይድ በሩን ከፍቶ ጠበቀን። የወሎ ልጅ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም፣ ሰውም አያስቸኩልም። መልኬን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ሁለት ፌስታል አቀበለኝ። እትዬ ከኋላ ከጎኔ ተቀምጠው ጭንቅላቴን ትከሻቸው ላይ አስደገፉኝ።

ቃሊቲ

መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቷል። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ስንደርስ ሆዴ እምቢ አለ፤ ሰይድ ዳር ያዘ። ጠያቂዎች ስንቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከመኪናው ስወርድ እግሮቼ አልታዘዙኝም፤ ትኩሳት ሲነሳብኝ ሁሌም ቀድመው የሚከዱኝ እነሱ ናቸው። የጠያቂ ስልክ በአደራ የምታስቀምጥ ባለ ኪዮስክ ሮጣ መጥታ በአንድ ብብቴ ገባች፣ እትዬ በሌላው፤ ከኪዮስኩ ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤቷ ወሰዱኝ። ስወጣ ውኃ እያስታጠበችኝ ማንን ልትጠይቂ መጥተሽ ነው አለችኝ። ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው አልኳት። ለውኃው ልከፍላት ስል ተቆጣች። እንኳን አንቺ ጤነኛውም እዚህ ሰልፍ ላይ ይታመማል፣ እግዜር ይማርሽ ብላ ሸኘችን።

ሳሪስ አቦ

ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ስንደርስ እትዬ ከመስኮቱ ሆነው ተሳለሙ። ከዚያ እኔን ለማጽናናት ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«አይዞሽ፣ ይሄ ዘንድሮ የሁሉም በሽታ ነው። እኔንም ከትናንት ወዲያ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የዋለው፤ ግን የጻድቁ ጽዋ ይቀራል? እንደምንም ብዬ መጣሁ።»

ከትናንት ወዲያ የአቦ ማኅበራችን ነበር። ካህኑ ከባረኩት በኋላ ጠላ የሞላው አንድ ዋንጫ በዕድሜ ተራ ይዞራል። መጀመሪያ የሚጎነጩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የእናቴ ቦታ ነው፤ በዕድሜ ከብዙዎቹ ባንስም በቦታዋ ተተክቼ እዚያው እንድቀመጥ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከከንፈራቸው ወደ ከንፈሬ። ገባኝ፤ ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ማለቴ ጥሩ ነበር፤ ምነው እንደዚያው በቀረሁ።

ሐኪም ቤት

ሐኪሟ መርምራ፣ እግሬን በመዶሻዋ መታ መታ አድርጋ፣ ራሷን ነቀነቀች። መድኃኒቱ ዛሬ አይሰጥም። የእግሬ መክዳት ከትኩሳቱና ከፈሳሽ እጥረቱ የመጣ እንጂ አዲስ ጥቃት እንደማይመስላት፣ ትኩሳቱ ለቆኝ ድካሙ ካልለቀቀኝ ግን በዚያው ቀን መደወል እንዳለብኝ ነገረችኝ። ተልባው ይቅር፣ ኦ.አር.ኤስ. በትንሽ በትንሹ ልጠጣ፣ እጄንም በሳሙና ልታጠብ። ሲሻለኝ ሌላ ቀጠሮ ይያዝልኛል፤ መድኃኒቱ ይጠብቀኛል። ከዚያ አጠገብሽ የታመመ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እትዬ ሹራቤን ጭናቸው ላይ አጥፈው ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ትንሽ ውጪ ይጠብቁኝ ማለት እችል ነበር። ያጣሁት መድኃኒት አንገብግቦኝ ስለነበር አላሰብኩትም።

«ከማኅበር ጽዋ ነው» አልኩ። «ከእኔ በፊት የጠጡት ሰው ታመው ነበር።»

ሐኪሟ አዎ፣ በዋንጫ ይተላለፋል አለች። ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠራሁም። እትዬ ሹራቤን እንደገና ዘርግተው እንደገና አጠፉት።

መልስ

ሲመለሱ ከፊት፣ ከሰይድ ጎን ተቀመጡ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። ሰይድ በመስታወቱ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አይቶ ሬዲዮኑን ዘጋው። ሳሪስ አቦ ስንደርስ ተሳልመው እንደሆነ እንጃ፣ ከኋላ አይታየኝም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የተናገርኩት እውነት ነው። ሐኪሟም ማወቅ ነበረባት። እሳቸው ፊት ግን መሆን አልነበረበትም።

በሰቃ ስንደርስ ሰይድ ደግፎ እስከ በሬ አደረሰኝ። እትዬ ወትሮ ከእኔ ቀድመው ገብተው አልጋዬን የሚያነጥፉ ሰው፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ተልባው ሳይከፈት እጃቸው ላይ ነው።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ጽዋውን አንቺ ቅደሚ።»

«እትዬ፣ በዕድሜ አይደል እንዴ የሚዞረው?»

«እኔ ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ። እኔ ከሁሉም ኋላ እሆናለሁ።»

ይግቡ አልኳቸው። ሲሻልሽ ብለው ሄዱ።

ሆዴ አሁን ተሽሎታል፣ እግሬም እየተመለሰልኝ ነው፤ አዲስ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ፣ ሳይደውሉ አለመነሳት ነው። ሁለተኛውን ለመጻፍ ግን እጄ ይከብደኛል። የማኅበራችን ዋንጫ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ የሚቀረው አተላ ነው። ላለፉት ዓመታት ሁሉ ከፊቱ ሲጎነጩ የኖሩት ሴት፣ እኔ እንዳልታመም ብለው አተላውን ለራሳቸው ወሰዱት።